የአቼቤ ረቂቅ በስንት እጅ አለፈ?

እስከ ዛሬ ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ፣ ከ50 በሚበልጡ ቋንቋዎች የተተረጎመ አንድ ልብ ወለድ አለ። ይህ መጽሐፍ በአንድ ወቅት በዓለም ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ነበረው፤ እሱም በእጅ የተጻፈ። ያ አንድ ቅጂ ደግሞ ለንደን ውስጥ ባለ የታይፕ ቢሮ ጥግ ላይ ተጥሎ፣ የሚያነሳው ሰው አጥቶ ለወራት ተቀምጧል። መጽሐፉ የናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ ‹‹ቲንግስ ፎል አፓርት›› ነው። የኅትመቱን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ ‹‹ይህን ሰምተሃል?›› እያልኩ ነው፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ። ‹‹ዓ.ም.›› ካላልኩ በቀር የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው።

አቼቤ በ1930 በምሥራቅ ናይጄሪያ፣ ኦጊዲ በምትባል ከተማ ተወለደ። ኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተምሮ በ1954 ሌጎስ በሚገኘው የናይጄሪያ ብሮድካስቲንግ ሰርቪስ ተቀጠረ፤ ሥራው ለሬዲዮ የሚነበቡ ንግግሮችን ማዘጋጀት ነበር። ይህ ሥራ ለጸሐፊነቱ ጥሩ ትምህርት ቤት ሳይሆነው አልቀረም። ለጆሮ የሚጽፍ ሰው አድማጩ በየትኛው ቃል ላይ እንደሚሰለች ቶሎ ይገባዋል። ማታ ማታ ደግሞ ልብ ወለዱን ይጽፍ ነበር። ተማሪ ሳለ የአየርላንዳዊው ጆይስ ኬሪ ‹‹ሚስተር ጆንሰን›› የሚባል፣ ናይጄሪያን መቼት ያደረገ ልብ ወለድ በክፍል ውስጥ አንብበው፣ በመጽሐፉ ውስጥ የተሳለውን አፍሪካዊ እሱና ጓደኞቹ ሊታገሡት አልቻሉም ነበር። ‹‹የኛን ታሪክ ሌላ ሰው እንዲህ ከነገረው፣ እኛ ብንነግረው ምን ይመስላል?›› የሚለው ጥያቄ አብሮት ኖረ።

በ1956 መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ወደ ቢቢሲ ላከው። ረቂቁን ይዞ ሄደ። ከአሠልጣኞቹ አንዱ ጊልበርት ፌልፕስ ራሱ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበር፤ ጓደኛው ቢጎተጉተው አቼቤ እያፈረ ረቂቁን ሰጠው። ፌልፕስ አንብቦ ተደነቀ፤ ‹‹ለአሳታሚዎች ላሳይልህ›› አለው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ዕድሜው 25 ወይም 26 የሆነ፣ አንድም መጽሐፍ ያላሳተመ ወጣት፣ ለንደን መሀል ተቀምጦ፣ በሥነ ጽሑፉ ዓለም ሰው የሚያውቅ እንግሊዛዊ ‹‹ለአሳታሚዎች ላሳይልህ›› ሲለው ምን ይላል? እኔ ብሆን ከወንበሬ ሳልነሳ ረቂቁን እሰጠው ነበር። አቼቤ ግን ‹‹ገና አልደረሰም፤ ይዤው ልመለስና ልሥራበት›› አለ።

የሠራበትም እንዴት እንደሆነ ማወቅ ደስ ይላል። የመጀመሪያው ረቂቅ የአንድን ቤተሰብ ሦስት ትውልድ የያዘ ነበር፤ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ። አገሩ ተመልሶ ሲያነበው ነገሩ ሁሉ ሳሳበት፤ በአንድ መጽሐፍ ሦስት ዘመን መሸከም አልተቻለም። እናም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክፍል ቆርጦ አወጣ። የቀረው የአያትየው የኦኮንኮ ታሪክ ብቻ ሆነ፤ እሱንም እንደገና ጻፈው፣ አሰፋው። ከተቆረጠው ውስጥ የልጅ ልጁ ታሪክ በ1960 ‹‹ኖ ሎንገር አት ኢዝ›› ተብሎ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ልብ ወለድ ሆኗል። የመካከለኛው ትውልድ ታሪክ ግን ብቻውን መጽሐፍ ሆኖ ሳይወጣ ቀረ። እኛ አገር ብዙ የመጀመሪያ ልብ ወለዶች ውስጥ ሦስት መጽሐፍ ተጠቅጥቆ አገኛለሁ፤ ጸሐፊው ሌላ ዕድል የሚያገኝ ስለማይመስለው የሚያውቀውን ሁሉ አንዱ ላይ ያራግፈዋል።

አሁን ረቂቁ አለቀ። ግን በእጅ የተጻፈ ነው። በዚያ ዘመን የለንደን አሳታሚ የእጅ ጽሑፍ አይቀበልም ማለት ይቻላል፤ በታይፕ፣ በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ፣ መስመሩ ሰፋ ሰፋ ብሎ መቅረብ አለበት። ሰፋ ማለቱ ለውበት አይደለም። አርታኢው በመስመሮቹ መካከል በእርሳስ እንዲያርም፣ ማተሚያ ቤቱም ገጹን ቆጥሮ መጽሐፉ ስንት ወረቀት እንደሚፈጅ እንዲያሰላ ነው። ታይፒስቱ በወረቀቶቹ መካከል ካርቦን ያስገባል፤ አንዱ ቅጂ ወደ አሳታሚ ይሄዳል፣ ሌላው ጸሐፊው ዘንድ ይቀራል። ለዚህ ሥራ ብቻ የተቋቋሙ ቢሮዎች ነበሩ፤ በየጋዜጣውና በየመጽሔቱ ያስተዋውቃሉ። አቼቤም ‹‹ስፔክቴተር›› በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ አንዱን ማስታወቂያ አየ። ያለውን ብቸኛ የእጅ ጽሑፍ ጠቅልሎ ከናይጄሪያ ወደ ለንደን በፖስታ ላከው። ክፍያውንም፣ ከ20 ፓውንድ የሚበልጥ ገንዘብ፣ በፖስታ ሐዋላ አስከትሎ ላከ።

አዎ፤ ሌላ ቅጂ አላስቀረም። ‹‹እንዴት እንዲህ ያደርጋል?›› ብላችሁ አትፍረዱበት። ፎቶ ኮፒ በየመንገዱ ያልነበረበት ጊዜ ነው፤ ሌላ ቅጂ ማለት መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ በእጅ እንደገና መጻፍ ማለት ነበር።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። ሳምንታት አለፉ፣ ወራት ተከተሉ። ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ የለም። እንደገና ጻፈ፤ የለም። ሲያስታውሰው በሥጋቱ ብዛት እየከሳ ሄዶ እንደነበር ይናገራል።

ያዳነችው አለቃው ናት። አንጄላ ቢቲ የምትባል፣ ከቢቢሲ የመጣች እንግሊዛዊት የብሮድካስቲንግ ባልደረባ ነበረች፤ ለዓመት ዕረፍቷ ወደ ለንደን ልትሄድ ስትል ጉዳዩን ነገራት። ‹‹የቢሮውን ስም ስጠኝ›› ብላ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ሰዎቹ ምክንያት መደርደር ጀመሩ፤ እሷ ግን የዋዛ አልነበረችም፤ ረቂቁ የት እንዳለ ካላሳያችሁኝ አለች። ረቂቁ ማንም ሳይነካው ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ታይፕ የተደረገው ጽሑፍ ናይጄሪያ ደረሰ፤ አንድ ቅጂ ብቻ፣ ማብራሪያም ይቅርታም ያልተጻፈበት።

ለምን ተረሳ? የእኔ ግምት ይህ ነው፤ ከአፍሪካ በእጅ ተጽፎ የመጣ ልብ ወለድ ለቢሮው ሠራተኞች ከምር የሚወሰድ ሥራ አልመሰላቸውም፤ ላኪው ደግሞ በሩን ሊያንኳኳ የማይችል ሩቅ ሰው ነው። ገንዘቡ ገብቷል፤ የሚቆጣ የለም። ለንደን የሚኖር እንግሊዛዊ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት በእግሩ ሄዶ ይጠይቅ ነበር። አቼቤ ረቂቁ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ተስፋ ቆርጦ መጻፉን ጨርሶ ሊተው ይችል እንደነበር ከዓመታት በኋላ ተናግሯል። ደግሞም እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ ይደርሳል። በ1922 የኧርነስት ሄሚንግዌይ ባለቤት የጽሑፎቹን ሻንጣ ይዛ ፓሪስ ጋር ደ ሊዮን ከሚባለው ጣቢያ ባቡር ስትሳፈር ሻንጣው ተሰረቀ። የሚያሳዝነው፣ ዋናውንም የካርቦኑንም ቅጂ አንድ ላይ አሽጋ ነበር። እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እሺ፣ ታይፕ የተደረገው ረቂቅ እጁ ገባ። ቀጥሎስ?

ቀጥሎ የሚመጣው እኛ አገር እምብዛም የማናውቀው ሰው ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ወኪል፣ ወይም እንደ ፈረንጆቹ ኤጀንት። ወኪሉ መጽሐፍ አያሳትምም፣ አያትምም። ሥራው የትኛው አሳታሚ ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሚወድ ማወቅ፣ ረቂቁን ማቅረብ፣ ውል መደራደር፣ ክፍያውን መከታተል ነው። የሚከፈለው ከጸሐፊው ገቢ ላይ ነው፤ በዚያ ዘመን የተለመደው 10 በመቶ ነበር፣ ዛሬ በአብዛኛው 15 በመቶ ደርሷል። ጸሐፊው ካላገኘ ወኪሉም አያገኝም። ስለዚህ ወኪል አንድን ረቂቅ ሲይዝ የራሱን ጊዜ እየተወራረደበት ነው፤ አሳታሚዎችም ይህን ስለሚያውቁ ከወኪል የመጣን ረቂቅ ከሌላው ቀድመው ያነቡታል። አቼቤ ጊልበርት ፌልፕስ ወደ ጠቆመው ወኪል ላከ። የዚያን ጊዜ ‹‹ይቆይ›› ያለው ውለታ እዚህ ላይ ጠቀመው፤ በዚያው ላይ ሰውየው ያየው ያልደረሰውን ረቂቅ ነበር፣ አሁን የሚሄደው የደረሰው ነው።

ወኪሉ ለተለያዩ አሳታሚዎች አዞረው። አንዳንዶቹ ወዲያው መለሱት። ምክንያታቸው ‹‹መጽሐፉ ደካማ ነው›› የሚል አልነበረም፤ አፍሪካዊ የጻፈው ልብ ወለድ ገበያ የለውም የሚል እንጂ። ይህ አባባል ዘረኝነት ብቻ ነው ብዬ ባልፈው ይቀለኝ ነበር። ግን ነገሩ ከዚያም ይሰፋል፤ አሳታሚ የሚያሰላው ከዚህ በፊት በተሸጠው ነው። አንድ መጽሐፍ ሲቀርብለት ‹‹ይህን የሚመስለው ያለፈው መጽሐፍ ስንት ሸጠ?›› ብሎ ይጠይቃል። የሚመስለው ከሌለስ? ያኔ መልሱ ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮ ላይ ደግሞ ማንም ገንዘቡን አያወጣም። ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ታዋቂ ሥራ ነበር፤ በ1952 የታተመው የአሞስ ቱቱኦላ ‹‹ፓልም ዋይን ድሪንካርድ››። እሱ ግን በተረት ዓለም የሚጓዝ፣ ከቋንቋው ጀምሮ ለየት ያለ መጽሐፍ ስለነበር ለአቼቤ ሥራ መመዘኛ አይሆንም።

በመጨረሻ ረቂቁ ሃይነማን ከተባለው የለንደን አሳታሚ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። እዚያም ኃላፊዎቹ አመነቱ፤ አፍሪካዊ የጻፈውን ልብ ወለድ ገንዘቡን አውጥቶ የሚገዛ ሰው ይኖር ይሆን?

እንዲህ ሲጠራጠሩ አሳታሚዎች የሚያደርጉት ነገር አለ። ረቂቁን ከቤቱ ውጪ ላለ፣ ጉዳዩን ያውቃል ለሚሉት ሰው ይሰጡታል። ያ ሰው አንብቦ የግምገማ ሪፖርት ይጽፋል፤ ታሪኩ ይህ ነው፣ ጥንካሬው ይህ ነው፣ ይታተም ወይም አይታተም ብሎ። አብዛኛውን ጊዜ ሪፖርቱ ጥቂት ገጽ ይሆናል። ይህን ረቂቅ የሰጡት ለዶናልድ ማክሬይ ነበር። ማክሬይ የሎንዶን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ምሁርና የሃይነማን የትምህርት መጻሕፍት አማካሪ ሲሆን፣ በዚያው ሰሞን ከምዕራብ አፍሪካ ጉዞ መመለሱ ነበር። የጻፈው ሪፖርት አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነ፤ ከጦርነቱ ወዲህ ካነበባቸው ልብ ወለዶች ሁሉ የሚበልጥ ነው የሚል። ጦርነቱ ማለት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ አሥር ዓመት ከምናምን የሚሆን የንባብ ዘመን ማለት ነው።

ማክሬይ ባይሆን ኖሮስ? ምዕራብ አፍሪካን ረግጦ የማያውቅ፣ ታሪኩ የሚካሄድበትን የኢግቦ ሕዝብ መንደር እንደ እንግዳ ትዕይንት ብቻ የሚያይ ገምጋሚ ቢደርሰው ኖሮ? በኅትመት ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ጥሩ መጽሐፍ መጻፍ የጸሐፊው ድርሻ ነው፤ ጥሩ መጽሐፍ መሆኑን ሊያውቅ የሚችል ሰው እጅ መግባቱ ግን በጸሐፊው ሥልጣን ሥር አይደለም።

ሃይነማን ተቀበለው። እንዲህ ሲባል በገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። በዚህ አሠራር አሳታሚው የወረቀቱን፣ የኅትመቱን፣ የማስታወቂያውንና የማከፋፈያውን ወጪ ሁሉ ይሸፍናል፤ መጽሐፉ ቢከስር ኪሳራው የእሱ ነው። ለጸሐፊው ከየቅጂው ዋጋ ላይ ሮያሊቲ የሚባል ድርሻ ያስብለታል፤ ለጠንካራ ሽፋን መጽሐፍ የተለመደው 10 በመቶ አካባቢ ነው። ብዙውን ጊዜ ከዚያ ላይ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያም ይሰጣል። መጽሐፉ ቅድሚያውን እስኪመልስ ድረስ ጸሐፊው ተጨማሪ ሳንቲም አያይም፤ ባይመልስም ግን ‹‹ክፈል›› አይባልም።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። አላን ሂል የተባለው የሃይነማን የትምህርት ክፍል ኃላፊ እንደመሰከረው፣ ከረቂቁ አንድ ቃል አልነኩም። ያ ሁሉ ቆረጣና እንደገና መጻፍ በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ አልቆ ነበር ማለት ነው።

መጽሐፉ ሰኔ 10 ቀን 1950 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ጁን 17 ቀን 1958) ወጣ። የመጀመሪያው ኅትመት 2,000 ቅጂ፣ በጠንካራ ሽፋን። የለንደን ጋዜጦች በመልካም ተቀበሉት። ግን 2,000 ቅጂ ወዴት እንደሚሄድ አስቡት፤ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ገምጋሚዎች፣ ዋጋውን ወደሚችሉ የእንግሊዝ አንባቢዎች። ጠንካራ ሽፋን የሚታተመው በመጀመሪያ ለእነዚህ ገዢዎች ነው። ኦጊዲ ላለ አስተማሪ ወይም ኢባዳን ላለ ተማሪ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም።

ስለዚህ ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ የተመሰገነና የተረሳ መጽሐፍ ይሆን ነበር። ያላበቃው በአላን ሂል ምክንያት ነው። ሂል በ1959 ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄደ፤ መጽሐፉን ለሚያገኛቸው ሁሉ ያሳይ ነበር። በአቼቤ በራሱ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር፣ በቅርቡ ከዚሁ የወጣ ተማሪ ቁም ነገር ያለው ልብ ወለድ መጻፉን ማመን ያቃታቸው ሰዎች አጋጠሙት። ሂል ያየው ሌላ ነገርም ነበር። የእንግሊዝ አሳታሚዎች ምዕራብ አፍሪካን የሚያውቋት መጽሐፍ እንደሚሸጥባት አገር እንጂ መጽሐፍ እንደሚወጣባት አገር አልነበረም፤ የመማሪያ መጻሕፍት ያጎርፋሉ፣ ትርፉን ይወስዳሉ፣ አገሬው ጸሐፊ ላይ የሚያውሉት ገንዘብ የለም።

ከዚህ የተወለደው ‹‹አፍሪካን ራይተርስ ሲሪስ›› ነው፤ በ1962 የተጀመረ፣ በስስ ሽፋን የሚታተም፣ ተማሪ ሊገዛው በሚችል ዋጋ የሚሸጥ የአፍሪካ ጸሐፊዎች ተከታታይ። ቁጥር 1 የአቼቤ መጽሐፍ ሆነ። በየትምህርት ቤቱ መነበብ ጀመረ፤ ወደ 20 ሚሊዮኑ የሚወስደው መንገድ የተከፈተው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ ያው ነው፣ ቃሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ሽፋኑና ዋጋው ነው። የተከታታዩ አርታኢ ማን ሆነ? ራሱ አቼቤ። አሥር ዓመት፣ እስከ 1972፣ ያለ ክፍያ ሠራ። ሲለቅ ተከታታዩ 100 መጻሕፍት ደርሶ ነበር።

የዚህን ትርጉም በአንድ ሰው ታሪክ ላሳያችሁ። በዚያው በ1962 በዩጋንዳ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የአፍሪካ ጸሐፊዎች ጉባኤ ተደረገ። አንድ ኬንያዊ ተማሪ የልብ ወለዱን ረቂቅ ይዞ አቼቤ ፊት ቀረበ፤ ‹‹አንብብልኝ›› አለው። አቼቤ አነበበ፤ ወደ ሃይነማን ተላለፈ፤ በ1964 ‹‹ዊፕ ኖት ቻይልድ›› ተብሎ ታተመ። ተማሪው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ነበር። የመጽሔት ማስታወቂያ የለ፣ ቢሮ ጥግ ላይ ተረስቶ መቅረት የለ፣ ‹‹ገበያ የለውም›› የለ። በአራት ዓመት ልዩነት ብቻ መንገዱ ከዚህ ወደዚያ ተለወጠ፤ ምክንያቱም አሁን በሩ ላይ የቆመው ያንኑ መንገድ በእግሩ የሄደበት ሰው ነው።

በዚሁ በር ሁለት ኢትዮጵያውያንም ገብተዋል፤ ይህን ስነግራቸው ብዙ ጓደኞቼ ይገረማሉ። የመጀመሪያው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ነው። ‹‹አፈርሳታ›› የተባለው ልብ ወለዱ በ1968 በተከታታዩ ቁጥር 52 ሆኖ ወጣ። ታሪኩ በጉራጌ አካባቢ ባለች መንደር የሚያጠነጥን ነው፤ የአንድ ሰው ጎጆ ይቃጠላል፣ ንብረቱም ይዘረፋል፤ የአገሩ ሰው እንደ ልማዱ በአፈርሳታ ተሰብስቦ ጥፋተኛውን ሲያወጣጣ እናያለን። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የጻፈው ‹‹ዋሪየር ኪንግ››ም በ1974 እዚያው ታትሟል። ሁለተኛው ዳኛቸው ወርቁ ነው፤ እኛ የምናውቀው በ1962 ዓ.ም. በታተመው ‹‹አደፍርስ›› ነው፤ በእንግሊዝኛ የጻፈው ‹‹ዘ ተርቲንዝ ሰን›› ግን በ1973 ቁጥር 125 ሆኖ ለንደን ታትሟል። ሁለቱም በአማርኛም የጻፉ ሰዎች ናቸው። በዚህ በር ለመግባት ግን የለንደን አርታኢ ሊያነበው በሚችል ቋንቋ መጻፍ፣ ወይም መተርጎም ነበረባቸው። በአማርኛ ብቻ ለጻፈው በሩ የት ነበር?

የኛ መንገድ ሌላ ነው፤ አጠር አድርጌ ልናገር፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋልና። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ‹‹ልብ ወለድ ታሪክ››፣ የታተመው አዲስ አበባ ሳይሆን ሮም ነው፤ በ1908፣ እነ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ገና ሳይቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ ማተሚያ ቤት አገኘን፤ አሳታሚ ግን በበቂ አላገኘንም። እዚህ አገር በአብዛኛው ጸሐፊው ራሱ አሳታሚ ነው። ፊደል ለቀማውን፣ እርማቱን፣ ሽፋኑን፣ የወረቀቱን ዋጋ ራሱ ይከፍላል፤ ከዘመድ ይበደራል፤ ወረቀቱ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ምንዛሪ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የመጽሐፉ ዋጋ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከታተመ በኋላ አከፋፋዩ ጠቀም ያለ ድርሻ ያነሳል፤ የቀረውን ጸሐፊው ተሸክሞ ከመደብር መደብር ይዞራል። በለንደኑ አሠራር ኪሳራውን አሳታሚው ይሸከማል ብያችሁ ነበር፤ በኛ ኪሳራው እዚያው ጸሐፊው ቤት ይቀራል፣ አልጋ ሥር በካርቶን።

በዚያ ላይ ለረጅም ዘመን በር ላይ የቆመው ሰው ገበያ የሚያሰላ አልነበረም፤ ሳንሱር ነበር። የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ ‹‹ኦሮማይ›› በ1975 ዓ.ም. የመንግሥት በነበረው በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል ታተመ፤ ወዲያው ደግሞ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ልብ በሉ፤ መጽሐፉ በደንቡ መሠረት አልፎ፣ በመንግሥት ገንዘብ ታትሞ ነው ይህ የሆነው። የቅድመ ኅትመት ሳንሱር በአዋጅ የቀረው በ1985 ዓ.ም. ነው። ‹‹ኦሮማይ›› በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደንና ኒውዮርክ የታተመው ደግሞ በ2025፣ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

አንድ የሚያኮራ ነገር ግን አለን። ስስ ሽፋን ለአቼቤ ያደረገለትን ሬዲዮ ለሐዲስ ዓለማየሁ አድርጎለታል። ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› የተባለው ልብ ወለዱ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ግን መጽሐፍ የመግዛት አቅም የሌለው፣ ማንበብም የማይችለው ሰው ሁሉ የታሪኩን ሰዎች፣ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን፣ አወቃቸው። ሰው ዛሬም ጉዱ ካሳን ሲጠቅስ የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። መጽሐፉን ያነበቡትን ብቻ ብንቆጥር ይህን ያህል ሰው አይወጣንም።

አቼቤን ከኛ ጸሐፊዎች የሚለየው ችሎታው ነው የሚለኝ ሰው ካለ አልስማማም። እኔ የማየው ልዩነት በመንገዱ ላይ ያገኛቸው ሰዎች ናቸው። ፌልፕስ፣ ቢቲ፣ ወኪሉ፣ ማክሬይ፣ ሂል፤ አንዳቸውም ከመጽሐፉ አንድ መስመር አልጻፉም፣ አንዳቸው ቢጎድል ግን መጽሐፉ ላይኖር ይችል ነበር። እኛ ዘንድ እነዚህን ሥራዎች ሁሉ ጸሐፊው ብቻውን ይሠራል፤ ወይም ጨርሶ የሚሠራቸው የለም። በተለይ የገምጋሚው መጥፋት ይጎዳናል። ረቂቅን ከመታተሙ በፊት ከምር አንብቦ ‹‹ይህ ሦስት መጽሐፍ ነው፣ ሁለቱን አውጣቸው›› ብሎ የሚጽፍ፣ ለዚህም የሚከፈለው ሰው ቢኖር፣ በየምረቃው ከምናጨበጭብላቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ ቀጥነውና ጠንክረው ይወጡ ነበር። የአሳታሚነት ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ወዳጆቼ ካላችሁ፣ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት እንዲህ ያለ አንድ ሰው ቅጠሩ።

የምታነቡት ለፈለጋችሁ ደግሞ፣ በቅድሚያ ‹‹አፈርሳታ››ን ፈልጉ። አጭር ናት፣ እንግሊዝኛዋ ቀላል ነው፣ በየቤተ መጻሕፍቱ የድሮ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አትጠፋም።